ስለ ውሃ ማፋሰሻ (ድሬኔጅ) በድሬዳዋና በአካባቢዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ቤት በመሥራት ላይ ያሉ፣ ግቢያቸው ውሃ የሚያቁር፣ ወይም በደቻቱና በሌሎቹ አሸዋማ ወንዞች ዳር የሚኖሩ የድሬዳዋ ነዋሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ስለ ሐረርና ስለ ሐረማያ የተጠየቁ ጥቂት ጥያቄዎችም ተካተዋል።

ድሬኔጅ ሲባል ምን ማለት ነው?

ድሬኔጅ ማለት ውሃ ወይም ሌላ ፈሳሽ ከማይፈለግበት ቦታ ተነሥቶ ጉዳት ሳያደርስ ወደሚቀበለው ቦታ እንዲሄድ የማድረግ ሥራ ሲሆን፣ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁት ቦይ፣ ቱቦና ተዳፋትም በአንድነት በዚሁ ስም ይጠራሉ። በአማርኛ እንደ ቦታው የውሃ ማፋሰሻ፣ የፍሳሽ ማስወገጃ ወይም የጎርፍ መውረጃ እንለዋለን፤ የግንባታና የመንገድ ባለሙያዎች ግን በአብዛኛው ድሬኔጅ የሚለውን ቃል እንዳለ ይጠቀሙበታል።

ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ ድሬኔጅ ሲናገር የባኞ ቤቱን፣ የወጥ ቤቱንና የጣሪያውን ውሃ የሚያወጡትን ቱቦዎች ማለቱ ነው። የመንገድ መሐንዲስ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያለውን ቦይና ከመንገዱ ሥር የሚያልፈውን ቱቦ ያስባል። የግብርና ባለሙያ ከማሳ ላይ ትርፍ ውሃ የሚያወጣውን ቦይ፣ ጂኦግራፊ የተማረ ሰው ደግሞ የአንድ አካባቢ ዝናብ ተሰብስቦ ወደ አንድ ወንዝ የሚገባበትን ተፋሰስ ይለዋል። በሐኪም ቤትም ከቀዶ ሕክምና በኋላ በቁስሉ ውስጥ የሚጠራቀመው ደም ወይም ፈሳሽ እንዲወጣ የሚገባው ቀጭን ቱቦ ድሬን ይባላል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሦስት ነገሮች አይቀሩም፤ ፈሳሹ የሚሰበሰብበት ቦታ፣ የሚሄድበት መንገድና በመጨረሻ የሚያርፍበት ስፍራ። ሰው ገንዘቡንና ሐሳቡን የሚያውለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ነው። የሚረሳው ሦስተኛው ሲሆን፣ በከተማችን የምናያቸው አብዛኞቹ ችግሮች የሚመነጩትም ከዚህ መርሳት እንደሆነ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ያምናል።

ዲች፣ ቱቦ፣ አሸንዳና ማንሆል ምን ይለያቸዋል?

አሸንዳ በጣሪያው ጠርዝ ላይ ተሰቅሎ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ዝናብ ተቀብሎ በአንድ በኩል የሚያወርድ ነው። ዲች ወይም የመንገድ ዳር ቦይ በድንጋይና በሲሚንቶ ወይም በኮንክሪት የተሠራ፣ ክፍት ወይም በክዳን የተሸፈነ መውረጃ ነው። ቱቦ የምንለው ደግሞ ከቤት የሚወጣውን የፕላስቲክ ቧንቧም፣ ከመንገድ ሥር የሚቀበረውን ሰፊ የኮንክሪት ክብም ይጨምራል። ማንሆል ሰው ወርዶ ወይም በመሣሪያ ገብቶ የተቀበረውን ቱቦ የሚያጸዳበት ጉድጓድ ሲሆን፣ ቱቦው አቅጣጫ በሚቀይርበትና ሌላ ቱቦ በሚቀላቀልበት ቦታ ሁሉ ሊኖር ይገባል።

የዝናብ ውሃንና የቤት ፍሳሽን በአንድ ቱቦ ማስወጣት አይቻልም?

መለያየት አለባቸው። የዝናብ ውሃ በአንድ ጊዜ በብዛት መጥቶ የሚቆም ሲሆን፣ ከመጸዳጃ ቤት የሚወጣው ፍሳሽ በመጠኑ ጥቂት ቢሆንም በየቀኑ የሚወርድና በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን የተሸከመ ነው። ሁለቱ በአንድ ሴፕቲክ ታንክ (የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በሚጠራቀምበት ጉድጓድ) ሲገናኙ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ታንኩን ሞልቶ ሳይጣራ የቆየውን ሁሉ ወደ ግቢና ወደ መንገድ ያወጣዋል። በተቃራኒው የመጸዳጃ ቤት ቱቦ በስውር ከመንገዱ ዲች ጋር ሲገናኝ፣ በበጋ ወራት ዲቹ ውስጥ የሚፈስ የዝናብ ውሃ ስለማይኖር ፍሳሹ እዚያው ቆሞ ይሸታል፤ በክረምት ደግሞ ጎርፉ ይዞት ወደ ወንዙ አሸዋ ይወርዳል።

ለድሬዳዋ ይህ ጉዳይ ከሌሎች ከተሞች ይበልጥ ያሳስባል። ከተማዋ የምትጠጣው ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውሃ ነው፤ ከምንጮቹም አንዱ የሳቢያን የውሃ ጉድጓዶች ናቸው። አብዛኛው ቤት የሚጠቀመው በሴፕቲክ ታንክ ወይም በጉድጓድ መጸዳጃ ስለሆነ ከእነዚህ የሚሰርገው ፈሳሽ ወደ ታች ይጓዛል። በከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ናይትሬት የተባለው ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ መገኘቱ በተለያዩ ጥናቶች ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ሲሆን፣ ከዚህ የበለጠው በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ የሕፃኑ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይቀንስና ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። ውሃውን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያስወጣም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን የቀረው ይበልጥ ይከማቻል። ስለዚህ መጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፈር «ተቆፈረ፣ ተከደነ፣ አለቀ» ብሎ መተው አይቻልም። በግቢ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ካለ በመካከላቸው በተለምዶ የሚመከረውን ቢያንስ 30 ሜትር ርቀት መጠበቅ፣ ታንኩንም በጊዜው በመምጠጫ መኪና ማስመጠጥ የግድ ነው።

ድሬዳዋ ዝናቧ ጥቂት ሆኖ ሳለ ለምን በጎርፍ ትጠቃለች?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከከተማዋ ውጭ ይጀምራል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምሥራቅ ሐረርጌ ተራሮች ግርጌ ተቀምጣለች። ከከተማዋ በስተደቡብ ወደ ደንገጎ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በአጭር ርቀት ውስጥ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከተማዋ ራሷ በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ተራራው ከዚያ የበለጠ ያገኛል፤ ያ ዝናብም በገደል ላይ ወርዶ በደቻቱ፣ በቡቲጂ፣ በጎሮና በመሰሎቻቸው ደረቅ ወንዞች በኩል ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል። ከተማዋ የተራራው ውሃ መውረጃ አፍ ላይ ናት ማለት ይቻላል።

ተዳፋቱ እንዲህ በመበርታቱ ውሃው ለመስረግ ጊዜ አያገኝም። ደኑ በተመናመነበትና እርከን ባልተሠራበት ጎን ላይ የወደቀው ዝናብ አፈሩን ይዞ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተማው ይደርሳል። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሰው በወንዙ አሸዋ ላይ እየተራመደ ሳለ፣ ላይ ተራራው ላይ በጣለ ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሊመጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ዝናቡም በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በበልግ መጋቢትና ሚያዝያ፣ በክረምት ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም። ጎርፍ የክረምት ጉዳይ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በድሬዳዋ አይሠራም።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ የደረሰው ጎርፍ የዚህ ሁሉ መራራ ማስረጃ ነው። ሰዉ በተኛበት ሰዓት ደቻቱ ሞልቶ ከዳርቻው ወጣ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩም ቤታቸውን አጡ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ብዙ ሰፈሮችን ጠቅሟል፤ ነገር ግን ግንብ ውሃውን በመንገዱ እንዲሄድ ያደርገዋል እንጂ መጠኑን አይቀንሰውም። መጠኑ የሚቀነሰው እዚያ ላይ፣ ተራራው ላይ ነው፤ በእርከን፣ በክትር፣ በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) እና በዛፍ።

ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው። አሸዋው ላይ መገበያየትና ዕቃ ማስቀመጥ ምን ችግር አለው?

ደቻቱ ከዚራና መጋላ የተባሉትን የከተማዋን ሁለት ክፍሎች የሚለይ ወንዝ ብቻ አይደለም፤ የድሬዳዋ ትልቁ የውሃ መውረጃ ነው። ከየሰፈሩ የሚወጣው ዲች፣ ከየመንገዱ ሥር የሚያልፈው ቱቦ፣ በመጨረሻ የሚያራግፈው ወደ እርሱ ወይም ወደ ቡቲጂና ጎሮ ነው። ደረቅ መሆኑ ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ሥራው በዓመት ውስጥ በጥቂት ሰዓታት የተወሰነ ነው፤ በእነዚያ ሰዓታት ግን ሙሉ ስፋቱን ይፈልጋል።

ስለዚህ የሕንፃ ፍራሽ፣ የቁፋሮ አፈርና ድንጋይ በወንዙ ውስጥ መድፋት የሚያስከትለው ጉዳት ወዲያው ባይታይም ከባድ ነው። የፈሰሰው ፍራሽ ወንዙን ያጠብበዋል፤ የጠበበው ውሃ ከፍታው ይጨምራል፤ ከፍታው ሲጨምርም ወደ ወንዙ የሚያራግፉት የሰፈር ዲቾች አፋቸው ከውሃው በታች ስለሚሆን ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ከወንዙ ርቀው ያሉ ቤቶችን ይገባቸዋል። «እኛ ከወንዙ ሩቅ ነን፤ ውሃው ከየት መጣብን?» የሚሉ ነዋሪዎች ብዙ ጊዜ መልሱን የሚያገኙት እዚህ ነው። አሸዋ ማውጣትም ቢሆን ከግንቡና ከድልድዩ እግር አጠገብ ሲሆን መሠረቱን ያራቁተዋል። በአሸዋው ላይ የሚነግዱ ወገኖቻችን ኑሮ ሆኖባቸው እንደሆነ ይታወቃል፤ ቢያንስ በበልግና በክረምት ወራት ዕቃቸውን እዚያ እንዳያሳድሩ፣ ልጆችም በደመና ቀን አሸዋው ላይ እንዳይጫወቱ ማድረግ ግን የሁላችንም ኃላፊነት ነው።

ውሃው ከከተማዋ ከወጣ በኋላ የት ይሄዳል?

በሰሜን በኩል በሽኒሌ አቅጣጫ ወዳለው ሞቃታማ ሜዳ ይወርዳል፤ አብዛኛውም በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ ይቀራል። ይህ አካባቢ የአዋሽ ተፋሰስ አካል ነው። በአንጻሩ ከተራራው ጀርባ በሐረር በኩል የሚዘንበው ውሃ በኤረር ሸለቆ አድርጎ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይጓዛል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ የተራራውን ጫፍ ሲያልፍ አንዱን ተፋሰስ ትቶ ወደ ሌላው መግባቱ ነው፤ ከጫፉ ወዲህና ወዲያ የወደቁ ሁለት ጠብታዎች ዳግም አይገናኙም።

የሰፈራችን ዲች በየዓመቱ እየተጠረገ ለምን መልሶ ይደፈናል?

በዋናነት የሚደፍኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ፣ የጫት ገራባ፣ እንዲሁም ጎርፍ የሚያመጣው አሸዋ። ገራባው ብቻውን ቢሆን ፍየሎች ይበሉታል፣ ደርቆም ይጠፋል። ፌስታል ውስጥ ታስሮ ሲጣል ግን ቱቦው አፍ ላይ ይሰካል፤ በላዩ አሸዋው ይቆማል፤ በአሸዋው ላይ የወጥ ቤት ቅባት ይጋገራል። አንድ ጊዜ እንዲህ የተጋገረ ቱቦ በውሃ ግፊት አይከፈትም፤ ወይ ይቆፈራል ወይ በረጅም ብረት ይጎረጎራል።

የአጠራረጉ ሁኔታም ችግር አለበት። ከዲቹ የወጣው ደለል ብዙ ጊዜ ዳሩ ላይ ይከመርና ሳይነሣ ይሰነብታል፤ የመጀመሪያው ዝናብም መልሶ ያስገባዋል። ደለሉ በወጣበት ቀን ወይም በማግስቱ መኪና መጥቶ ካልጫነው የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ሁለተኛው ስሕተት ከመካከል መጀመር ነው። ጠረጋ የሚጀመረው ከታች፣ ዲቹ ከሚያራግፍበት ጫፍ ነው፤ ላይኛውን ብቻ የጠረገ ሰፈር ውሃውን በፍጥነት ወደ ታችኛው ጎረቤቱ ይልክና በዚያ ያቆረዋል። ሦስተኛው ደግሞ በሱቅና በግቢ በር ፊት ለፊት ዲቹን በኮንክሪት ሙሉ በሙሉ መድፈን ነው። መኪና ማስገባት ለሚፈልግ ሰው ክዳኑ በሚነሣ ቁርጥራጭ ተሠርቶ መያዣ ብረት ቢኖረው መግቢያውም ይገኛል፣ ዲቹም ይጠረጋል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር የሆኑ የማይበሰብሱ ስስ ፌስታሎችን የሚገድብ ድንጋጌ ነበረው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከዚያ የጠበቀ፣ የፌስታልን ምርትና አጠቃቀም የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ በገበያ ላይ በሥራ ሲተረጎም ለዲቾቻችን የሚያስገኘው እፎይታ ቀላል አይሆንም።

ጠረጋው መቼ ቢሆን ይሻላል?

ሁለት ጊዜ፤ በየካቲት ከበልግ በፊት፣ በሰኔ ከክረምት በፊት። ከእያንዳንዱ ኃይለኛ ጎርፍ በኋላም የቱቦዎቹን አፍ መመልከት ያስፈልጋል፤ አንድ ጎርፍ ያመጣው አሸዋ ለቀጣዩ ጎርፍ የሚሆን ቦታ አይተውምና።

ከግቢዬ የሚወጣውን ውሃ ወደ ጎረቤቴ ግቢ ወይም ወደ መንገድ ብለቀው ችግር አለው?

ውሃ ከላይ ወደ ታች መውረዱ ተፈጥሮው ነው፤ የታችኛው ጎረቤትም ከጥንት ጀምሮ በራሱ የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ ኖሯል። ነገሩ የሚለወጠው የላይኛው ሰው ግቢውን ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ ሲለስን፣ የጣሪያውን ውሃ ሁሉ በአንድ ቱቦ ሰብስቦ በአጥር ሥር ቀዳዳ ሲያወጣ ነው። ያኔ ቀድሞ ተበትኖ ይወርድ የነበረው ውሃ በአንድ ቦታ ተከማችቶ፣ ጉልበት አግኝቶ ይመጣል፤ የጎረቤትን የአጥር መሠረት ይቦረቡራል፣ ጭቃ ቤት ከሆነም ግድግዳውን ያርሳል። አፈር ለብሶ የቆየ ግቢ ከወደቀበት ዝናብ ብዙውን ክፍል ወደ ውስጥ ሲያሰርግ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ግቢ ግን አብዛኛውን፣ አንዳንዴም ከአሥር ዘጠኙን እጅ ወደ ውጭ ይለቃል።

ተገቢው አሠራር ውሃውን በግቢ ውስጥ በቦይ ሰብስቦ ወደ ሰፈሩ ዲች ማገናኘት ነው። በአቅራቢያ ዲች ከሌለ ጎረቤታሞች ተነጋግረው በአጥራቸው ወሰን ላይ የጋራ ቦይ ቢያወጡ ለብቻ ከሚወጣው ወጪ ያነሰ ያስወጣል። አለመግባባት ሲፈጠር በድሬዳዋ ልማድ ጉዳዩ መጀመሪያ ወደ ሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ወደ ቀበሌው ይሄዳል። በእኛ ግምት ሽማግሌዎቹ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ቦታው ላይ ተገኝተው የውሃውን አካሄድ በዓይናቸው ቢያዩ ክርክሩ ግማሽ በግማሽ ያልቃል።

ግቢው ሊለሰን ነው። ውሃ ሳይዘጋበት ማሳመር አይቻልም?

ይቻላል። በመሐሉ አሸዋ የተሞላ ኮብልስቶን ወይም ጠጠር መሬቱ ጥቂት እንዲተነፍስ ያደርገዋል። ከዚራ ሰፈር በመንገዶቹ ዳር ያሉትን የጥንት ዛፎች ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ለዛፍ የተተወ መሬት ጥላም ይሰጣል፣ ውሃም ይጠጣል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ቤት ስሠራ የቱቦውና የወለሉ ተዳፋት ምን ያህል ይሁን?

ለባኞ ቤትና ለበረንዳ ወለል በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውሃ መውረጃው ማዘንበል በቂ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው የመጸዳጃ ቤት ቱቦም በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር መውረድ ይመከራል። ተዳፋቱ ከዚህ ካነሰ ጠጣሩ ይቀመጣል፤ እጅግ ከበዛም ውሃው ጠጣሩን ትቶ ይሮጣል የሚሉ ብዙ የቧንቧ ሠራተኞች አሉ፣ ስለዚህ መካከለኛውን መያዝ ይበጃል። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲወርድ ይደረጋል፤ ይህ ብቻውን ብዙ ግድግዳዎችን ከእርጥበት ያድናል።

የቱቦ ስፋትን በተመለከተ፣ «ትንሽ ሰፋ ይበል» የሚባለው ምክር ከሚመስለው በላይ ዋጋ አለው። ተዳፋቱ ሳይለወጥ የቱቦው የመሐል ስፋት በእጥፍ ቢያድግ የሚያሳልፈው ውሃ በስድስት እጥፍ ገደማ ያድጋል። ከመንገድ ሥር ቱቦ ለማስቀበር የሚያዋጡ ሰፈሮች በትንሽ ተጨማሪ ወጪ ከፍተኛ ልዩነት ማምጣት የሚችሉት ለዚህ ነው።

ከእጅ መታጠቢያውና ከወለሉ መውረጃ ሥር የሚገባውን ሲፎን ወጪ ለማዳን ብለው የሚዘሉ ባለቤቶች አሉ። ሲፎኑ ውስጥ የሚቀረው ውሃ የታንኩ ሽታና በረሮ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚዘጋ በር ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ግን ብዙ ቀን ያልተጠቀሙበት ሲፎን ውሃው ይተንናል፤ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ሲመለሱ ቤቱ የሚሸተው አንዳንዴ በዚህ ነው፣ አንድ ጣሳ ውሃ ማፍሰስም ይበቃዋል።

የጣሪያ ውሃ ከማፍሰስ ይልቅ ማጠራቀም አይሻልም?

በእጅጉ ይሻላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ይሰጣል። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 3,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር 15 በርሜል ውሃ ይወርዳል። ይህ ውሃ በአሸንዳ ተይዞ ታንከር ውስጥ ቢገባ በአንድ በኩል ለልብስ፣ ለጽዳትና ለአትክልት ይሆናል፤ በሌላ በኩል ከዲቹ ላይ ያን ያህል ጭነት ይቀንሳል። ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ታንከሩ መግባት የለበትም።

በዲች ውስጥ የቆመ ውሃ ነው ወይስ የቤታችን በርሜል ነው ትንኝ የሚያራባው?

ሁለቱም፤ ሆኖም የሚያራቡት የትንኝ ዓይነት ይለያያል። በቆሸሸ ዲች ውስጥ በብዛት የሚራባው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣን ተራ ትንኝ ነው። ከ2006 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በድሬዳዋ የታየውን የደንጌ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የያዘውን የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ያስተላለፈው ትንኝ ግን የሚመርጠው ንጹሕ ውሃ ያለበትን በርሜል፣ ባልዲ፣ አሮጌ ጎማና የአበባ ማሰሮ ነው፤ የሚነክሰውም በአብዛኛው በቀን ነው።

በ2014 ዓ.ም. ከጥር ጀምሮ በበጋ ወራት በከተማዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ደግሞ አኖፌሌስ ስቴፈንሳይ ከተባለች፣ ከእስያ ከመጣች የወባ ትንኝ ጋር ተያይዟል። ይህች ትንኝ ከተማን ትለምዳለች፤ በውሃ ማጠራቀሚያዎችና በግንባታ ቦታ በሚቆፈሩ የውሃ ጉድጓዶች ውስጥ ትራባለች፤ በወንዝ ዳር በሚቀር ኩሬም ትገኛለች። ስለዚህ «ዲቹን ጠረግን፤ ትንኝ አይኖርም» ማለት አይቻልም። ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር እንደ ሙቀቱ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ትወስዳለች። በየሳምንቱ በርሜሉን ፈትጎ ማጠብ፣ ታንከሩን በጠበቀ ክዳንና በወንፊት መሸፈን፣ በዲቹም ውስጥ ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ቦታ ካለ በሲሚንቶ ማስተካከል አብረው የሚሄዱ ሥራዎች ናቸው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ሳያጠራቅም መኖር እንደማይችል እናውቃለን፤ የሚጠየቀው ማጠራቀሙን መተው ሳይሆን መክደን ነው።

በሐረር ጀጎል ውስጥ የውሃ አወራረዱ እንዴት ነው?

ጀጎል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን በግንብ የታጠረች፣ 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጠባብ መተላለፊያዎቿ በኮረብታው ጎን ስለሚወርዱ ዝናብ ሲጥል ራሳቸው የውሃ መሄጃ ይሆናሉ። እንዲህ ባለ ስፍራ ሰፊ ዲች ለመቆፈር ቦታ የለም፤ ብልኃቱ የመተላለፊያውን ንጣፍ ወደ መካከሉ ወይም ወደ አንድ ጎኑ በጥቂቱ ጎድጎድ አድርጎ ውሃው ከቤቶቹ መሠረት እንዲርቅ ማድረግ ነው። ንጣፉ በተደጋጋሚ በላዩ ላይ እየተደራረበ ሲጠገን የመንገዱ ከፍታ ከቤቶቹ ደጃፍ ይበልጥና ውሃው ወደ ግቢ ይገባል፤ ስለዚህ ጥገና ሲደረግ የቀድሞውን ንጣፍ አንሥቶ በከፍታው ልክ መመለስ ያስፈልጋል። የጀጎል ቤቶች የድንጋይና የጭቃ ሥራ በመሆናቸው እርጥበት በዝግታ ይገድላቸዋል፤ የአሸንዳ ጥገና እዚያ የቅርስ ጥበቃም ጭምር ነው።

በገጠር ማሳ ላይ የሚሠራው ማፋሰሻ ከከተማው ጋር ምን አገናኘው?

ተራራው ላይ ያለ ገበሬ በማሳው አናት የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ በማሳው ውስጥ እርከን፣ በሸለቆው ውስጥ ክትር ሲሠራ አፈሩን ለራሱ ያስቀራል፤ የጎርፉን ፍጥነት ደግሞ ለእኛ ይቀንስልናል። ይህ ሳይሠራ ሲቀር አፈሩ የት እንደሚያርፍ ለማየት ሐረማያን ማስታወስ ይበቃል። ሐረማያ ሐይቅ መውጫ ወንዝ በሌለው ተፋሰስ ውስጥ ያለ በመሆኑ ከዙሪያው ማሳ የሚታጠበው ደለል ሁሉ የሚቀረው በእርሱ ውስጥ ነው። በደለል መሙላቱና ውሃው ለከተማና ለመስኖ ያለ ልክ መሳቡ ተደምረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ፤ ሐረርም የመጠጥ ውሃዋን ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ለመሳብ ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ውሃ መልሶ መያዙ የሚያስደስት ነው፤ የያዘው ውሃ እንዲቆይ የሚያደርገው ግን በዙሪያው ኮረብቶች ላይ የሚሠራው እርከን ነው።

ጎርፍ እየመጣ ነው ሲባል ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ከወንዙ አሸዋና ከዲች ዳር ወዲያው ይራቁ፤ ደራሽ ጎርፍ ከድምፁ ጋር እኩል ሊደርስ ይችላል። ዕቃ ለማትረፍ ብለው አይመለሱ። ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ፈጣን ውሃ ጎልማሳን ሰው ሊጥል ይችላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንንሽ መኪናዎችን ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅ የሚያሽከረክሩ ወጣቶች በተለይ ውሃ የሚያልፍበትን መንገድ ለመሻገር እንዳይሞክሩ አደራ እንላለን፤ ክዳኑ የተነሣ ማንሆል ወይም የተሸረሸረ አስፋልት በደፈረሰ ውሃ ሥር አይታይም። ቤትዎ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ሌሊት የሚነቃና ጎረቤት የሚቀሰቅስ ሰው በሰፈር ደረጃ አስቀድሞ ይመደብ፤ በተራራው ላይ ያሉ ዘመዶችም ከባድ ዝናብ ሲጥል ስልክ እንዲደውሉ መስማማት ይቻላል። ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው ያጥፉ። ውሃው ከጎደለ በኋላ ጎርፍ የገባበትን የውሃ ማጠራቀሚያ ሳያጥቡና በክሎሪን ሳያክሙ አይጠቀሙ፤ የተበላሸውንም ዲችና ቱቦ አፉ በአሸዋ ሳይደርቅበት ለቀበሌው ያሳውቁ።